ለአያቴ ሽጉጥ የመረጥሁት ባሩድ

ይድረስ ለክቡር አባቴ ለመሪጌታ ጥዑመ ልሳን፣
ጎርጎራ።

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጾሙንስ እንዴት ይዘውታል? ያ ጉልበትዎ ጠዋት ጠዋት አሁንም ያስቸግርዎታል ወይስ አምና እኛ ዘንድ ሲመጡ የተነከሩበት የወንዛዬ ፍል ውኃ አሻለው? ዓይንዎስ? የመነጽርዎ እጀታ ተሰብሮ በክር እንዳሰሩት እማማ ነግራኛለች፤ ሌላ ገዝቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬያለሁና ለአሮጌው አይሟገቱለት። እማማስ ወገቧ እንዴት ነው? ተማሪዎችዎስ፣ ላሚቱስ፣ በደጅ ያለው ጌሾስ? ሁሉንም በየተራው ብጠይቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ወረቀቱ ግን ለሌላ ነገር ይፈለጋል።

እኔ በእመቤታችን ቸርነት ደኅና ነኝ። ወገቤ ጠንቷል፣ ረፋድ ላይ ደጅ ወጥቼ ፀሐይ እሞቃለሁ። ባለቤቴ ቢያዝን ሥራውን እንደያዘ ነው፤ ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ሳይቀይር ልጁን ነው የሚያነሣው። የልጅ ልጅዎም ዛሬ አርባ አራት ቀን ሞላት። ያገኘችውን ጣት ከጨበጠች ማስለቀቅ ጭንቅ ነው። ቢያዝን በአያቷ ወጥታለች፣ የያዘችውን አትለቅም ይላል። ይህን ያለው ባለቤቴ ነው፤ እኔ የለሁበትም።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ስላዘዙኝ ነው። መጋቢት 3 ቀን በአባ ወልደ ሐዋርያት ስልክ እየጮኽሁ ያንን ሁሉ ስነግርዎት እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያም፣ አባቴ በቀለም የጻፈውን በስልክ አልሽርም፤ የምትዪው እውነት ከሆነ ጽፈሽ ላኪው፣ አነበዋለሁ ብለው ስልኩን ለአባ መለሱላቸው። ያን ዕለት በጣም ተናደድሁብዎ። በተሞላ ሽጉጥ ሥር ተቀምጦ ደብዳቤ ጻፊ ማለት ምን ማለት ነው እያልሁ ቢያዝንን አሳበድሁት። እርሱ ግን፣ አነበዋለሁ ካሉ እስኪያነቡ ድረስ አይነኩትም ማለት ነው፣ ይልቅ ቁጭ ብለሽ ጻፊ አለኝ። እውነቱን ነው። ያም ሆኖ ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድሁት፤ ጥፋቴን የማምንበት ቦታ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሰበብ እጨምርበት ነበር።

እንግዲህ ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። የሚያውቁትንም እጽፋለሁ፤ ጎደሎ ጽሑፍ እንደማይወዱ አውቃለሁና።

ባለፈው ታኅሣሥ በጀልባ ሠራተኛው በይትባረክ እጅ አንድ ትንሽ ጥቅል ላኩልኝ። ስፈታው በጥጥ የተጠቀለለ ባዶ የጥይት ቀለህ አገኘሁ፤ አብሮት የእርስዎ ወረቀት ነበረ። ቀለሁ አያቴ አለቃ ገብረ ክርስቶስ የቤተ ክርስቲያኑን ዕቃ ቤት ሲጠብቁ ይይዙት የነበረው የስድስት ጎራሹ ሽጉጥ መሆኑን ጽፈውልኛል። አያቴ በዳዊታቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ በተዝካሬ ስድስት ጥይት ይተኮስልኝ ብለው ጽፈው ነበር፤ በሞቱ ጊዜ ግን ዘመኑ ክፉ ስለነበር ሽጉጡ በንብ ቀፎ ውስጥ ተደብቆ ሳይተኮስ ቀረ። ዘንድሮ ግንቦት 12 አርባ ዓመት ይሞላቸዋልና ሳልሞት የአባቴን ቃል ልፈጽም አሉ። ለእንዲህ ያለ አሮጌ ሽጉጥ የሚሆን ጥይት ከየትም ስለማይገኝ ባዶዎቹን ቀለሆች ራስዎ ሊሞሏቸው አሰቡ። በመጨረሻም፣ አንቺ ዐሥራ አራት ዓመት ከቀለም ዱቄት ጋር ኖረሻልና የሚስማማውን ባሩድ ምረጪልኝ አሉኝ።

የልቤን ልንገርዎት? ያንን ወረቀት ይዤ አለቀስሁ። በፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ቀለም መዛኝ ሆኜ ስቀጠር፣ የቁም ጸሐፊ ልጅ ጨርቅ ልትነክር ሄደች ብለው ለእማማ ሲነግሯት በመስኮት ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጤናዬ ጠይቀውኛል፣ ስለ ጸሎቴ ጠይቀውኛል፣ ልጅ ስለ ማጣቴም አብረውኝ አዝነዋል። ስለ ሥራዬ ግን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። መሪጌታ ጥዑመ ልሳንን ያህል ሰው ምረጪልኝ ሲሉኝ፣ ይህን አላውቅም ማለት ከየት ይምጣ? ባሩድም ዱቄት ነው፣ ዱቄት ደግሞ ለእኔ ነው አልሁ።

መጋዘን ጠባቂ የሆነው የቢያዝን አጎት ልጅ መልካሙ ሁለት ዓይነት አመጣልኝ። አንዱ አንድ የወንዛዬ ሽማግሌ በቀንድ ያቆዩት የድሮ ባሩድ ነበር፤ ጥቁር፣ የሚሸት፣ እጅ የሚያቆሽሽ። ሌላው ከጠመንጃ ጥይት የወጣ ነው፤ ፍሬው እኩል፣ ደረቅ፣ የሚያብለጨልጭ። ሁለቱንም እንደ ክፍላችን ልማድ ፈተንኋቸው። በግቢው መካከል በሸክላ ስባሪ ላይ ቁንጥር ቁንጥር አድርጌ በረጅም እንጨት ለኮስኋቸው። ጥቁሩ ቡፍ ብሎ ጢሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ፣ ሸክላውንም በጥቀርሻ ለቀለቀው። ያኛው ግን ረጋ ብሎ ነዶ ምንም ሳይተው አለቀ። በእኛ ዘንድ አተላ የማይተው ዱቄት ንጹሕ ይባላል፤ ንጹሑም ይመረጣል። ከጨዋ ቤት የወጣ ባሩድ አገኘሁ ብዬ ተደሰትሁ። በመድኃኒት ጠርሙስ አሽጌ፣ ጢስም አተላም የሌለው ምርጥ ነው ብዬ ጽፌ ላክሁልዎት። ጥቁሩን እንደ ቆሻሻ ቆጥሬ በግቢው ጥግ ባለችው የዕቃ ክፍል ወረወርሁት።

በጥር መጨረሻ መልስዎ ደረሰኝ። አያቴ በዚያው ገጽ ላይ፣ ባሩዱ ቀለሁን እስከ አፉ ይሙላው፣ አየር አይግባበት ብለው በጻፉት መሠረት ስድስቱንም ሞልተው እንደዘጉና ሽጉጡን እንዳጎረሱት ነገሩኝ። ከሥሩ፣ ዕውቀትሽን እግዚአብሔር ይባርክልሽ የሚል ነበረበት። ያንን መሥመር ስንት ጊዜ እንዳነበብሁት አልነግርዎትም። የካቲት 1 ቀን ምጥ ሲይዘኝ ወረቀቱ ከትራሴ ሥር ነበረ።

አሁን የአቶ ገድሉን ነገር ልጻፍ። አቶ ገድሉ እዚህ ዘንዘልማ ከአጥራችን ማዶ የሚኖሩ ጎረቤታችን ናቸው። ዛሬ ሚዛንና ቁልፍ ይጠግናሉ፤ በወታደርነታቸው ዘመን ግን ሃያ ሁለት ዓመት መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። መጋቢት 3 ቀን ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሺአረግ ጋር አጥሚት ይዘው አራስ ሊጠይቁ መጡ። ቀለሁን በመስኮቱ ደፍ ላይ አቁሜው ነበርና አይተው ምንድን ነው አሉኝ። እኔም ጉራዬን ነዛሁ፤ አባቴ ባሩድ አስመርጠውኝ፣ ሁለቱን ፈትኜ፣ ንጹሑን ልኬ እያልሁ። ኩባያቸውን አስቀመጡ። የላክሽው ፍሬው ምን ይመስላል አሉ፤ ነገርኋቸው። ቀለሁን እስከ የት ሞሉት አሉ። እስከ አፉ ስላቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ ሁልጊዜ ከኪሳቸው የማያወጡትን ግራ እጃቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ሁለት ጣት የለውም። እኔም በወጣትነቴ ንጹሑን ነበር የመረጥሁት አሉኝ።

የነገሩኝን እንደ ነገሩኝ ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ አያቴን የሚያሳጣ ነገር የለበትምና በጥሞና ያንብቡት። በአያቴ ዘመን ለዚህ ሽጉጥ የነበረው ባሩድ ያ ጥቁሩ፣ ጢሳሙ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ነው፣ ብዙው ጢስና ጥቀርሻ ሆኖ ይቀራል። ቀለሁም ብረቱም የተሠሩት ለእርሱ ስለሆነ፣ እስከ አፉ ይሙላ፣ አየር አይግባ ማለት ለእርሱ ትክክል ነው። ጢስ የሌለው አዲሱ ባሩድ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። ሜዳ ላይ ሲለኩሱት ረጋ ብሎ ይነዳል፤ ጠባዩ የሚወጣው ሲዘጋበት ነው። ያን ሁሉ በጠባብ ቀለህ ጠቅጥቀው ቢተኩሱት አሮጌው ብረት አይችለውም፣ ሽጉጡ እጅ ላይ ይፈነዳል። አዲሶቹም ቢሆኑ እርስ በርሳቸው አንድ አይደሉም። ለረጅም ጠመንጃ የተሠራው ለሽጉጥ አይሆንም፤ ለሽጉጥ የተሠራውም ሠሪው ባወጣው መጽሐፍ ተመዝኖ ለአዲስ ብረት እንጂ ለአያት ብረት አይደለም። በዓይኑ አይቶ ባሩድ የሚመርጥ ሰው ጣቱን ያስይዛል አሉኝ።

ይህን ስሰማ በሥራዬ አፈርሁ። አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር፣ በስኒ አትስፈሩ፣ መዝኑ፣ በበርሜሉ ላይ ያለውን ወረቀት አንብቡ እያልሁ የምጮኸው እኔ ነኝ። ከሰማያዊዎቹ ዱቄቶች መካከል ስኒ ሙሉ ገብቶ ጨርቁን ገርጣ አድርጎ የሚተወው አለ፤ ሌላው በማንኪያ ጫፍ ገንዳውን ያጠቁረዋል። በዓይን ሲታዩ ግን አንድ ናቸው። ይህን እያወቅሁ ወረቀት በሌለው ዱቄት ላይ ምርጥ ብዬ ጻፍሁበት። እርስዎም እንዲህ ያለውን ነገር ያውቁታል። አንድ ጊዜ ከሱቅ የተገዛውን የጠርሙስ ቀለም እንደ ጥቀርሻው ቀለም ቆጥረው በብራና ላይ ቢሞክሩት፣ ከገጹ ጀርባ ዘልቆ ሙሉ የውዳሴ ማርያም ቅጠል አስጣለዎት። ያን ጊዜ የተበላሸው ብራናው ብቻ ነበር።

አቶ ገድሉ ተናግረው ሳይጨርሱ ስልክ አነሣሁ። የእርስዎ ስልክ እንደ ልማዱ ዝግ ነው። አባ ወልደ ሐዋርያት ደግሞ ቅዳሴ ላይ ነበሩ፤ የጾም ቅዳሴ መቼ እንደሚወጣ ያውቁታል። ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ተኩል ደወልሁ፤ ኔትወርኩ ይመጣል፣ ይጠፋል። ልጄ ታለቅሳለች፣ ወይዘሮ የሺአረግ ያባብሏታል፣ እኔ ስልኩን ይዤ እዞራለሁ። አራስ ባልሆን ኖሮ በእግሬ እንኳ ጎርጎራ እገባ ነበር። ምናልባት እንግዳ መጥቶ ሽጉጡን እያሳዩት ይሆን፣ ምናልባት አንዱን ልሞክረው ብለው ደጅ ወጥተው ይሆን እያልሁ ያሰብሁትን ሁሉ አልጽፍልዎትም። አባ ስልኩን ሲያነሡ እየጮኽሁ ያናገርኋቸው ለዚህ ነው፤ ይቅርታ ይጠይቁልኝ።

አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የአያቴም አይደለም፣ የእርስዎም አይደለም። ምርጥ ነው ብዬ የላክሁት እኔ ነኝ። መጠየቄ ጣፍጦኝ ነው፤ ይህን ስለማላውቅ የሚያውቅ ሰው ልፈልግ ማለት ስችል ዐዋቂ መስዬ ተገኘሁ። ከመጋቢት 3 ወዲህ ከዓይኔ የማይጠፋው ቀኝ እጅዎ ነው። ብርዕ ያደነደነው መካከለኛ ጣትዎ፣ በጥፍርዎ ሥር ታጥቦ የማይለቀው ቀለም ይታየኛል። በዚያ እጅ ፊደል አስቆጥረውኛል። በዚያ እጅ ሰባት ዳዊት ጽፈዋል፤ ስምንተኛው ገና መዝሙር ሠላሳ ላይ መሆኑን እማማ ነግራኛለች። እኔ የላክሁት ጠርሙስ ያንን እጅ ቢያሳጣኝ ምን ሆኜ እኖር ነበር?

አሁን የምለምንዎት ይህን ነው። ስድስቱን ጥይቶች ለመፍታት ወይም ባሩዱን ለማፍሰስ አይሞክሩ፤ ሐይቅ ውስጥም እሳት ውስጥም አይጣሉ። አባ ወልደ ሐዋርያት ከወረዳው ፖሊስ መሣሪያ የሚያውቅ ሰው እንዲያመጡ ነግሬአቸዋለሁ። ጥይቶቹን እርሱ አውጥቶ ይውሰዳቸው። የሽጉጡ ፈቃድ በስምዎ ነው፤ ስለ ባሩዱ የሚጠይቅ ካለ እኔን ይጠይቅ። ጠርሙሱንም ይስጡት። እማማ ከጧፉ ሣጥን አጠገብ አስቀምጬዋለሁ ስትለኝ ጮኽሁባት። እባክዎ ዛሬውኑ ከዚያ ይነሣ።

ይትባረክ ባለፈው ሳምንት ሲመጣ አንድ ነገር ሹክ ብሎኛል። ተማሪዎችዎን ሽጉጡ ከተሰቀለበት ግድግዳ ሥር አንሥተው ወደ ማዶው ክፍል አዛውረዋቸዋል አሉ። ምክንያቱን ሲጠይቁዎት ነፋስ ይገባል ብለዋቸዋል። በመጋቢት ሙቀት! አባባ፣ ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ ይወስደኛል።

አቶ ገድሉም ተስፋ አልቆረጡም። ጥቁሩን ባሩድ ከወረወርሁበት አውጥተው አዩትና ሳቁ። ቆሻሻ ያልሽው እኮ ለዚህ ሽጉጥ የሚስማማው ነው አሉኝ። አሁን እርሳቸው ዘንድ በጥንቃቄ ተቀምጧል። ባዶውን ሽጉጥ ከፈቃዱ ወረቀት ጋር ይዘው ቢመጡ ብረቱን ይመረምሩታል። ስንጥቅ ካለበት ፊት ለፊት ይነግሩዎታል፤ ሰው የሚያባብሉ አይደሉም። ደኅና ከሆነ ደግሞ ጊዜው ሲረጋ፣ ከሚመለከተው ክፍል ፈቃድ ሲገኝ፣ ማንም በእጁ ሳይይዘው በእንጨት ላይ ታስሮ በረጅም ገመድ እየተሳበ ስድስቱም ይተኮሳል ብለዋል።

ለግንቦት 12 ግን አይቸኩሉ። በእኛ ሰፈር የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ እንኳ እናቶች ልጆቻቸውን እየጎተቱ ቤት ይገባሉ፤ በዚህ ሰሞን ተኩስ ሰምቶ ደስ የሚለው ሰው የለም። አያቴ አርባ ዓመት ጠብቀዋል። ሰው ተኩስ ሰምቶ እልል የሚልበት ቀን እስኪመጣ ቢጠብቁ የሚቀየሙ አይመስለኝም። ዘንድሮ ተዝካራቸው በጸሎቱና በተማሪዎችዎ ዜማ ይውጣ።

የአያቴንም ጽሑፍ እንዳይፍቁት። እርሳቸው አልተሳሳቱም። ከሥሩ በእጅዎ፣ ይህ ለጥንቱ ጥቁር ባሩድ ብቻ ነው ብለው ይጨምሩበት። ዳዊቱም ሽጉጡም ከእኛ በኋላ ለሚመጣ ሰው ይተርፋሉና እንደ እኔ ያለ ዐዋቂ እንዳያሳስተው። ከዚያ በታች አራት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ እንዳለ አስታውሳለሁ። የሁላችንም የክርስትና ስም ያለው በዚያ ገጽ ነው፤ ያቺን ቦታ ዘጠኝ ዓመት ለእኔ ልጅ ብለው አቆይተውልኛል። ክርስትናዋ ሚያዝያ 20 ቀን ነው፣ ከፋሲካ በኋላ። ዳዊቱን፣ ብርዑንና የቀለም ቀንዱን ይዘው ይምጡ። ቄሱ ስሟን ሲያወጡላት እርስዎ እዚያው ይጻፉላት።

የእማማን ጉልበት ይሳሙልኝ፤ የጧፉን ሣጥን በተመለከተ ተቆጣሁ እንጂ አልተቀየምሁም ይበሏት። እኅቴን ጸሎትን ናፍቄአታለሁ፤ ለክርስትናው እማማን ይዛ እንድትመጣ፣ በጀልባው ላይም እንዳያጥወለውላት ሎሚ እንዳትረሳ ይንገሯት። አባ ወልደ ሐዋርያት በዚያ ዕድሜያቸው ስልክ ይዘው ስለሮጡልኝ እግዚአብሔር ዕድሜ ይጨምርላቸው። ተማሪዎችዎን በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ፤ በቅርቡ ነፋሱ ቆሞ ወደ ቦታቸው እንደሚመለሱ አምናለሁ። ቢያዝን እጅ ነሥቷል። አቶ ገድሉም በስምንት ጣቴ እጅ ነሥቻለሁ፣ ሲመጡ ቤቴ እንዲገቡ ብለዋል።

በጽሑፍ ይሁን ስላሉ የልጅ ልጅዎም የራሷን ጽፋለች። ከዚህ በታች የሚያዩት ጥቁር ምልክት ቀኝ እጇ ነው። እርስዎ በልጅነቴ እንዳስተማሩኝ ከድስት ጥቀርሻ በበጠበጥሁት ቀለም አተምሁት፤ የፋብሪካ ቀለም አላስነካኋትም። ጨብጣ አልዘረጋም ብላ ብዙ ታገለችኝ፣ በኋላ ግን ተሳካ። አምስቱም ጣቶቿ አሉ፤ ቆጥሬአቸዋለሁ። ሚያዝያ 20 ቀን ደግሞ የእርስዎን እቆጥራለሁ።

ልጅዎ ሰገነት ጥዑመ ልሳን
ባሕር ዳር፣ ዘንዘልማ
መጋቢት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.